ለቅርንጫፋችን ሊቀመንበርነት ሦስት ሰዎች ቀርበዋል፤ ምን ብለን እንጠይቃቸው?

የሳቢያኗ መሐንዲስ (ጠያቂ)

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ድሬዳዋ ነኝ፣ ሳቢያን። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። የመሐንዲሶች ማህበራችን ቅርንጫፍ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አመራር ይመርጣል። ለሊቀመንበርነት ሦስት ዕጩዎች አሉ። የሦስቱም አንድ አንድ ገጽ ጽሑፍ በቴሌግራም ደርሶኛል። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ስማቸውን በእጄ ብሸፍነው የቱ የማን እንደሆነ አልለይም። ሦስቱም "የአባላትን አቅም እንገነባለን" ይላሉ። ሦስቱም "ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀራርበን እንሠራለን" ይላሉ። እንዴት እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልጻፉም።

ለምን ይህን ያህል እንደከነከነኝ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። የድሬን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፌሮ በባዶ እጅ አይያዝም። የሁለተኛውን ፎቅ ኮለኖች (ምሰሶዎች) እየሞላን ነበር። አርማታው በሙቀቱ ቶሎ ቶሎ ሲደርቅባቸው ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ውሃ ይጨምራል። አንድ ባልዲ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ባልዲ። ውሃ ሲበዛ አርማታው ስለሚደክም አስቆምኩት። ዞር ስል ደግሞ ይጨምራል። ስላምፕ፣ ማለትም የአርማታውን ቅጥነት፣ ልለካ ኮኑን ሳነሳው አርማታው ቆሞ አልቀረም፤ እንደ አጥሚት ተዘረጋ። ሳይት ቡክ ላይ ጻፍኩ። ጥንካሬው እንዲፈተሽ ኪዩብ፣ ማለትም የአርማታውን ናሙና፣ ወሰድኩ። በ28ኛው ቀን ሲሰበር፣ ሲ-25 መሆን፣ ማለትም 25 ሜጋ ፓስካል መሸከም የነበረበት አርማታ 18 ሜጋ ፓስካል መጣ።

የክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ አልፈርምም አልኩ። ኮለኖቹ በኮር፣ ማለትም ከራሳቸው ናሙና ተቆርጦ ወጥቶ፣ ይፈተሹ ብዬ በደብዳቤ ጠየቅኩ። በሳምንቱ ከሳይት ተነስተሽ ቢሮ ተቀመጪ ተባልኩ። ሌላ ሰው ፈረመ። በኋላ ተፈትሾ፣ ኮለኖቹ ተጨማሪ ፌሮና አርማታ እንዲለብሱ ተደርጓል። እሱ ግን ስድስት ወር ፈጀ። እነዚያን ስድስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሌሊት ዝናብ ሲጥል፣ ነፋስ ሲነሳ ያ ሕንፃ ነበር የሚመጣብኝ።

ያን ጊዜ ለማህበራችን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። የኪዩቡን ውጤት አባሪ አደረግኩ። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ጠበቃም አልጠየቅኩም። "የአባላችሁ ሙያዊ ውሳኔ ልክ ከሆነ ልክ ነው፣ ከተሳሳትኩም ተሳስተሻል በሉኝ" ነው ያልኩት። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ባለፈው ምርጫ እጅ አውጡ ተባለ። ከፊት የተቀመጡት አወጡ፤ ከኋላ ያለነው ተከተልን፤ አለቀ። ዘንድሮ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ዕጩዎቹን ምን ብንጠይቃቸው ነው ልዩነታቸው የሚወጣው?


የሐረሩ ኤሌክትሪክ

አቦ እህቴ፣ ያደረግሽው ትክክል ነው። መጀመሪያ ይህን ልበልሽ፤ ማህበሩ ካላለሽ እኔ ልበልሽ።

እኔ ስለ ምርጫው አካሄድ የማውቀውን ልናገር። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማህበር፣ የአይትሪፕልኢ አባል ነኝ። እዚያ ድምፅ መስጫው በእኛ ነሐሴ 9 ይከፈትና እስከ መስከረም 20 አካባቢ ይቆያል። የዕጩዎቹ የሥራ ታሪክና አቋም ከድምፅ መስጫው ጋር አብሮ ይመጣል። ሐረር ቤቴ ተቀምጬ በእርጋታ አንብቤ ነው የምመርጠው። ማንም እጄን አያይም።

ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። ያሸነፈው ሰው ወዲያው ፕሬዝዳንት አይሆንም። አንድ ዓመት ተመራጭ ፕሬዝዳንት ሆኖ ሥራውን ያያል። በሁለተኛው ዓመት ይመራል። በሦስተኛው ዓመት የቀድሞ ፕሬዝዳንት ተብሎ እዚያው ቦርዱ ውስጥ ይቆያል። ሳያውቅ አይገባም፤ ጥሎም አይወጣም። እኛ ጋ ርክክቡ አንድ ማህተምና አንድ ፋይል ነው። ያንቺም ደብዳቤ እዚያ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ "ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሳይጨርሱ የተዉት ጉዳይ ምንድን ነው? የትኛውን ይቀጥሉታል?" ይህን የማያውቅ ሰው ቅርንጫፉን አያውቀውም ማለት ነው። ደግሞ ምርጫው በወረቀት ይሁን በሉ። የሚያስፈልገው ብጣሽ ወረቀትና አንድ ካርቶን ነው።


ገንደ ቆሬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቅርንጫፉ ጸሐፊ ነበርኩ። በአንቺ ጊዜ አልነበርኩም፣ ግን ደብዳቤሽ ለምን መልስ እንዳጣ መገመት አያቅተኝም። ቢሮ የለንም። ተቀጣሪ የለንም። ቃለ ጉባኤው የሚኖረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ የራሱ ሥራ አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳይት ነው። ስብሰባ ስንጠራ ከሰባት ስምንት ሰው በላይ አይመጣም። መዋጮ የሚከፍለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ለመሸፈን አይደለም። ችግሩ የሰው ክፋት ብቻ መስሎሽ ደህና ሰው በመምረጥ ብቻ ይፈታል እንዳትዪ ነው።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ "በሳምንት ስንት ሰዓት አለዎት? ለአባላት ደብዳቤ መልስ የሚጽፈውስ ማነው፣ ስሙን ይንገሩን።"

አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ የማህበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው ይላል። ወሳኞቹ አባላት ነን ማለት ነው። ስለዚህ አዳራሽ ገብተሽ እጅ አውጥተሽ ከመለመን፣ የወረቀት ምርጫውን ከአሁኑ በጽሑፍ አጀንዳ አስይዢ። ሌሎች አባላትም አብረው ይፈርሙበት። እኔም እፈርማለሁ።


አዲስ ተመራቂ

እኔ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ፎርሙን ሞልቻለሁ፣ መታወቂያ ግን ገና አልሰጡኝም። መምረጥ እችላለሁ? እውነት ለመናገር የእህታችንን ታሪክ ሳነብ ፈራሁ። እኔ ብሆን የምፈርም ይመስለኛል።


ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ ከ40 ዓመት በላይ ሠርቼ ያረፍኩ ሰው ነኝ። ቤቴ ከዚራ ነው። የአንቺን ጽሑፍ ልጄ አንብባልኝ እኔ ስናገር እየጻፈችልኝ ነው።

ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ እዚሁ ነበርኩ። ደቻቱን በበጋ ላየው ሰው አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይነግድበታል። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። ጠዋት ወጥቼ ሳይ ግድግዳው ተወስዶ በሩ ብቻ ቆሞ የቀረ ቤት አየሁ። በሩ ተቆልፏል። ያን በር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንዙ ዳር ቤት ሲሠራ "እዚህ አይሆንም" ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አልተናገርኩም ነበር። ብቻዬን ምን አመጣለሁ ብዬ ነው። ማህበር ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፣ ልጄ። ብቻውን የሆነ መሐንዲስ ዝም ይላል።

ስለ ዕጩዎቹ ደግሞ፣ ሰው "ትልቅ ስም ያለው ይሁን" ሲል እሰማለሁ። ስም አይጠላም። እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ውስጥ የሲቪል መሐንዲሶችን ተቋም የመሠረቱት ወጣቶች ነበሩ፤ እምብዛም ሰው አልተከተላቸውም። በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዝዳንት ሲያደርጉት ነው ማህበሩ የቆመው። ቴልፎርድ ከግንበኝነት ተነስቶ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ግን ስሙን ብቻ ሰጥቶ አልተቀመጠም። እስከሞተበት እስከ 1834 አብሯቸው ሠራ። ትልቅ ስም ያለውን ዕጩ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ስብሰባ እንደመጣ ጠይቁት።

አንተ አዲስ ተመራቂ፣ የፈራኸውን መናገርህ ጥሩ ነው። መታወቂያህን ከምርጫው በፊት ሄደህ ጠይቅ። መተዳደሪያ ደንቡንም ስጡኝ በል፤ ማን እንደሚመርጥ እዚያ ተጽፏል።


የሳቢያኗ መሐንዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት፤ እሷም ያን ሌሊት ታስታውሰዋለች።

ገንደ ቆሬ፣ ያልከው ገብቶኛል። ቢሮ እንደሌለ አውቃለሁ፣ መዋጮ ያልከፈሉት እንደሚበዙም አውቃለሁ። ግን "ደብዳቤሽ ደርሶናል፣ እያየነው ነው" ለማለት ቢሮ አያስፈልግም። ሁለት መስመር ነው። ያኔ ያቺን ሁለት መስመር ባገኝ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። በዚህ አንስማማም፣ በሌላው ግን እስማማለሁ። የአጀንዳው ደብዳቤ ላይ 14 ሰው ፈርሟል፣ አንተም አለህበት። ትናንት አስገብቼ በግልባጩ ላይ አስፈርሜአለሁ።

ጥያቄዎቹን ለሦስቱም ዕጩዎች ማክሰኞ ላክሁ። የሐረሩ ወንድሜን፣ የገንደ ቆሬን፣ የጋሼን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኔን፦ "አንድ አባል አልፈርምም ብሎ ከሥራው ቢነሳ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ያደርጋሉ?"

አንደኛው "አዳራሽ ውስጥ እመልሳለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። አንዱ እስካሁን ምንም አላለም። ሦስተኛዋ ዕጩ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። የኪዩቡን ውጤት ላኪልኝ አለች። ላክሁላት። መልሳ ደወለችና የ7 ቀኑ ኪዩብ ስንት ነበር፣ አርማታው ከተሞላ በኋላ እንዳይደርቅ ስንት ቀን ውሃ አጠጣችሁት፣ ጆንያ አልብሳችሁት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የ7 ቀኑን ሳይ ወዲያው ማስቆም ነበረብሽ ብላ ገሠጸችኝ። ልክ ናት፣ 28 ቀን መጠበቅ አልነበረብኝም። ስለዚያ ደብዳቤ በአንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

ሌሎቹም መልስ ከላኩ እንዳለ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ራሳችሁ አይታችሁ ፍረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ስብሰባው፣ ከዚራ። ፀሐይ ሳይበረታ እንዲያልቅ ተብሎ ነው፣ ስለዚህ አታርፍዱ። ከሳቢያን የምትመጡ ካላችሁ ንገሩኝ፣ አንድ ባጃጅ ይዘን አብረን እንሄዳለን። አዲስ ተመራቂ፣ መታወቂያህ ካልደረሰም ና። ካርቶኑን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።