የታመመ ጥርስ ይነቀል ወይስ ይታከም?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ዕድሜ ወደ 60 እየተጠጋ ነው። አንዱ የመንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ፣ ቀዝቃዛ ነገር በነካው ቁጥር ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ሐኪሙ የጥርሱን ውስጥ እስከ ሥሩ አጽድቶ በሚሞላ የጥርስ ሥር ሕክምና (ብዙዎች ሩት ካናል በሚሉት) ሊተርፍ እንደሚችል ቢነግራትም፣ እሷ ግን «ነቅለው ይገላግሉኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ ምን ያደርግልኛል? መውለቁ እንደሆነ አይቀርም» ትላለች። መነቀሉ በእርግጥ ግልግል ነውን?

መልስ 1
እኔም እንደ እናትዎ አስብ ስለነበር አንድ የታችኛ መንጋጋዬን አስነቅያለሁ። ሕመሙ ወዲያው ለቀቀኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከጎኑ የነበረው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ዘመመ፤ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ስላጣ ወደ ታች ወረደ፤ በክፍተቱ ምግብ እየተሰነቀረ ደኅና የነበረው ጥርሴ መበስበስ ጀመረ። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው የመንጋጋ አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል፤ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጊዜ በኋላ እየላላ የሚያስቸግረው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 2
«መውለቁ አይቀርም» በሚለው ላይ ልጨምር። ጥርስን የሚጥለው ዕድሜ ራሱ ሳይሆን ለዓመታት ሳይታከም የቆየ መበስበስና የድድ በሽታ ነው። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ስለሚገፋ፣ ስንቦርሽ የሚታየውን ደም ንቀን እናልፈዋለን፤ ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ግን የያዘው አጥንት አስቀድሞ ተጎድቷል። የመበስበስም ሕመም የሚበረታው ጉዳቱ ወደ ነርቩ ሲቃረብ ነው። ሲያመን ብቻ ወደ ሐኪም ስለምንሄድ፣ በሙሌት ያልቅ የነበረው ነገር ለመነቀል ይደርሳል፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ የሄደ ሁሉ ጥርሱን አስነቅሎ ይመለሳል ብለን እናምናለን።

መልስ 3
ሁሉም ጥርስ ይተርፋል ማለት አይደለም፤ እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል። የእናትዎ ግን ይተርፋል ከተባለ፣ ከመከራከር ይልቅ የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ በእርጋታ ቢጠይቋቸው እመክራለሁ። ብዙ ሰው «ጥርስ ምን ያደርግልኛል» የሚለው ወንበሩንና የመሰርሰሪያውን ድምፅ ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣው መያዙን አረጋግጦ እንዲጀምር፣ እናትዎ እጃቸውን ሲያነሡም ወዲያው እንዲያቆም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ጠየቅኋት። በወጣትነቷ ማደንዘዣው ሳይዝላት ጥርሷ መሰርሰሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ፤ መንቀሉን የመረጠችውም በአንድ ቀን ስለሚያልቅ ነው። እጅ የማንሣቱ ነገር ልቧን አሳርፎላታል። ከነገ ወዲያ አብረን እንሄዳለን፤ ወንበሩ አጠገብ እንድቆምላት ጠይቃኛለች።