አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ስበሳ የመጋዙ ጥርስ ላይ እየቀለጠ አስቸገረኝ
ከአክሪሊክ የተሠራው የዓሣ ገንዳዬ የኋላ ግድግዳ ላይ የውኃ ማውጫ ቱቦ ማስገባት እፈልጋለሁ። ግድግዳው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ቀዳዳው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ በቁራጭ አክሪሊክ ላይ መሰርሰሪያ ላይ በሚገጠም ክብ ቀዳዳ መቁረጫ መጋዝ ስሞክረው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍርፋሪው ቀልጦ ጥርሶቹ ላይ ይጣበቃል፤ መሰርሰሪያውም ይንቀጠቀጣል። ፍጥነቱን ቀንሻለሁ፣ ከሥር እንጨት አስደግፌያለሁ፣ በየመሃሉም መጋዙን እያነሣሁ ውኃ አፈስሳለሁ። የቀዳዳው ጠርዝ ግን አሁንም ሻካራ ነው፤ ይባስ ብሎ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታዩበታል። ስንጥቅ በውኃ ግፊት እየሰፋ ስለሚሄድ ዋናውን ገንዳ ለመንካት እጄ እምቢ ብሎኛል። ከሁለቱም ወገን እስከ መሃል መቁረጥ ይሻላል? ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስስ ይበቃል? ከማዕዘኑ ምን ያህል ልራቅ? «የመስታወት ገንዳ ግዛ» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁና እባካችሁ ሌላ ንገሩኝ።