የአጎቴን በገና ቤቴ ውስጥ መቅዳት እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?

የጠባሴዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ክራር እመታለሁ፤ ግጥሙም ዜማውም የራሴ የሆነ ስድስት ሰባት ሥራ አለኝ። እስካሁን ከጓደኞቼ በቀር የሰማው የለም።

አጎቴ መሀል ሜዳ ናቸው። በገና ይደረድራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ቤት መጥተው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣሉ። ዘንድሮ ሳልቀዳቸው እንዲመለሱ አልፈልግም።

ዕቁብ ደርሶኝ 60 ሺህ ብር ለዚህ ለይቼ አስቀምጫለሁ። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ክፍሌ ሦስት ሜትር በአራት ናት። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ አለው። ሳጨበጭብ ያስተጋባል።

ለመቅጃ ፕሮግራም አንዱ ኤፍኤል ስቱዲዮ ጫኚ ይለኛል፣ ሌላው ኩቤዝ። አንድ ሱቅ ደግሞ ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ (የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ዕቃ)፣ ማቆሚያና ሄድፎን በአንድ ካርቶን የታሸገ «ሙሉ ስቱዲዮ» አሳዩኝ። ልግዛው? የተቀዳውን የሚያዳምጡበት ሞኒተር ስፒከር የግድ ነው? ግድግዳው ላይ የምለጥፈው የእንቁላል ካርቶንም እየሰበሰብኩ ነው። እባካችሁ ከልምዳችሁ ንገሩኝ።

ቢት ሠሪ ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ! እኔ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በኤፍኤል ነው። ለቢት የሚያህለው የለም። ከበሮውን እንደ ጠጠር እየደረደርሽ ትሠሪያለሽ። አንዴ ከገዛሽው ደግሞ አዲስ በወጣ ቁጥር ድጋሚ አትከፍይም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የነፃ ሙከራው ሥራሽን ሴቭ ያደርግልሻል እንጂ መልሰሽ አትከፍችውም። ፍሩቲ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ደግሞ በማይክ ድምፅ አይቀዳም። አንቺ የምትፈልጊው መቅዳት ስለሆነ ይሄ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው።

ማይክ ኮንደንሰር የሚባለው፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዘው ዓይነት ይሁን። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ጥሩ ነው። የክራሩን ጥፍር ድምፅ ሳይቀር ይይዝልሻል። ሲተርፍሽ 25 ቁልፍ ያላት ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (የኮምፒውተሩን የሙዚቃ ድምፆች የምትጫወችባት) ጨምሪበት።

የድምፅ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በኮንደንሰሩ አልስማማም። በተለሰነ ብሎኬትና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኮንደንሰር የጎረቤት ውሻ፣ የፍሪጅ ድምፅና የግድግዳውን ማስተጋባት ሁሉ ለቅሞ ያስገባል። ዳይናሚክ የሚባለው፣ ረቂቅ ድምፅ ብዙም የማይለቅመው ዓይነት ይሻላል። ሹር ኤስኤም57 ወይም 58 ብትወስጂ ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል። ግን አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ሳትሞክሪ አትክፈይ። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ውስጥ ቅጂበት።

በአንድ ካርቶን የታሸገውን እርሺው። አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ለቀጥታ ስርጭት የተሠራ ነው፤ የሳቅና የጭብጨባ ቁልፍ ያለው። ለሙዚቃ አይሆንም።

የመንዝ ልጅ

እህቴ፣ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው። ጉዳዩ የራሴም ነው።

አባቴ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሠራ ነበር። እናቴ ሱፉን ስትፈትል ታንጎራጉራለች። እንዝርቱ ሲሽከረከር ከድምፅዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። 2009 ዓ.ም. ላይ አንድ ቀን በስልኬ ቀዳኋት። ከዚያ «ጥሩ ማይክ ስገዛ በደንብ እቀዳታለሁ» አልኩ። እሷ በ2011 አረፈች። ማይኩን የገዛሁት በ2012 ነው። ስልኩም ተበላሸ። በእጄ ያለው ለእህቴ በቴሌግራም የላክሁላት 40 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁዳዴን አትጠብቂ። በሚመጣው ቅዳሜ መሀል ሜዳ ውጪና በስልክሽ ቅጃቸው። ዋቭ በሚባለው፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፎርማት የሚቀዳ መተግበሪያ ጫኚ። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጊው። የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጪው፣ ከበገናው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የእንጨቱን ንዝረትም ይቀዳል። ይህ ገንዘብ አያስወጣሽም።

አሁን ወደ ክፍልሽ ልግባ። የእንቁላል ካርቶኑን መሰብሰብ ተዪው። ቀጭን ወረቀት ነው። የውጪ ድምፅ አያግድም፣ ማስተጋባቱንም እምብዛም አይቀንስም። የእኛ አገር ደግሞ በሱፍ ሀብታም ነው! ከቤተሰብሽ ባና የሚያውስሽ አታጪም። ወፍራም የመንዝ ባና ሁለት አጥፈሽ በገመድ ስቀይ። ግድግዳው ላይ አትለጥፊው፤ አንድ ስንዝር ያህል አርቂው። ሱፍ ድምፅ የሚበላው አየሩ በፀጉሮቹ መሃል ሲንቀሳቀስ ነው፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ደግሞ አየሩ አይንቀሳቀስም። ራቅ ሲል የበለጠ ይሠራል።

የት ትሰቅይዋለሽ? ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። መጀመሪያ መሰቀል ያለበት ከአጎትሽ ጀርባ ነው። እነዚህ ማይኮች ፊት ለፊታቸውን ነው የሚሰሙት። ስለዚህ ከሰውየው ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ይገባባቸዋል። ሁለተኛውን ባና በጎን፣ ሦስተኛውን ካገኘሽ በላያቸው። ወለሉ ላይ አጎዛ ወይም ምንጣፍ። ሁለቱ ማዕዘን ላይ የጥጥ ፍራሽ አቁሚ፤ የወፍራሙን ድምፅ ጉምጉምታ ትንሽ ያረግብልሻል። ከዚያ መልሰሽ አጨብጭቢ። ልዩነቱን በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ።

ባናው ግን የውጪ ድምፅ አያስቀርም። ለእሱ ያለሽ መላ ሰዓት መምረጥ ነው። ቆርቆሮ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው፣ ማታ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ጧ ጧ ይላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። እኔ የምቀዳው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ቆርቆሮው ዝም ብሏል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ፍሪጁን እነቅለዋለሁ።

አሁን የማይኩ ክርክር። ሁለቱም ወንድሞቼ ያሉት እውነት አለው። ለአንቺ ድምፅና ለክራር ዳይናሚክ ይበቃል። በገና ግን ድምፁ ረጋ ያለና ዝቅ ያለ ነው። አጎትሽም አብረው የሚያዜሙት በለሆሳስ ነው። ዳይናሚክ ማይክ እንዲሰማ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ብዙ ትከፍቻለሽ፣ ያኔ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይገባል። እንዝራው (አውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚሰጠው ያ የሚነዝር ድምፅም ድፍን ይሆንብሻል። በገናን በገና የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ባናውን ሰቅለሽ፣ በሌሊት፣ በኮንደንሰር። ምርጫዬ ይሄ ነው። ከገበቴው (ከበገናው የድምፅ ሳጥን) ቆዳ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንሽ ወደ ላይ ወደ አፋቸው ያጋደለ። አንድ ማይክ ሁለቱንም ይይዛል። እያቀረብሽ እያራቅሽ አምስት ጊዜ ሞክሪ። ማይኩን በስንዝር ማንቀሳቀስ ከየትኛውም ፕላግኢን (ድምፅ የሚያስተካክል ተጨማሪ ፕሮግራም) የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሳውንድ ካርዱ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ይሁን። ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ወይም ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2። ከስካርሌት ዓይነቶች ሶሎ የሚባለው የሚያስገባው አንድ ማይክ ብቻ ነው። አንድ ቀን አጎትሽ በበገና፣ አንቺ በክራር አብራችሁ ብትቀመጡ ሁለተኛው መግቢያ ያስፈልግሻል። ካርዱ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ እንዳለው እይ፤ ኮንደንሰር ያለዚያ አይሠራም። ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስድ መሆኑም ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው አይቋረጥም።

ስለ መብራት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቤት የመሬት ሽቦ የለውም። የላፕቶፕሽ ቻርጀር ሲሰካ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ከሰማሽ ማይኩ አይደለም የተበላሸው። ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ቅጂ። እኔ ይህን ሳላውቅ ማይክ ልመልስ ሱቅ ድረስ ሄጃለሁ።

ሄድፎን ጆሮ የሚሸፍን፣ ድምፅ የማያፈስ ይሁን። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም40ኤክስ ያለ። ሞኒተር ስፒከር ለጊዜው ይቅርብሽ። በዚያች ክፍል ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚዛባ ስፒከሩ እውነቱን አይነግርሽም።

ሶፍትዌር የመጨረሻው ነው፣ ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምራል። እኔ ሪፐር ነው የምጠቀመው። ማውረጃው 20 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ፓኬጅሽን አይጨርስም። በ8 ጊጋ ራም በደንብ ይሠራል። 60 ቀን በነፃ ትሞክሪዋለሽ፤ ለግል የሚሸጠው ፈቃድ 60 ዶላር ነው። የውጪ ክፍያ ለእኛ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። እኔ ውጪ ያለ ዘመዴ ነው የከፈለልኝ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረ ፕሮግራም ግን አትጫኚ። ከአንድ ቤት በፍላሽ አስጭኜ ቫይረሱ የሦስት ወር ሥራዬን በልቶታል። ሪፐር ውስጥ የከበሮና የኪቦርድ ድምፅ እምብዛም የለም። ቢት ካማረሽ ያን ጊዜ ኤፍኤልን ተማሪ።

ስትቀጂ የቀረጻውን ጥራት 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጊው። ድምፁ ከፍ ሲል መለኪያው ከቀዩ በጣም ርቆ፣ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጊ። አጎትሽ ድምፃቸውን ሲያነሱ ቦታ ይኖረዋል። በዚህ ልክ አንድ ማይክ በሰዓት 520 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን ድምፅ) አጥፊው፤ የእሳቸው ትንፋሽ ነው ምቱን የሚመራው። ቅኝት የሚያስተካክል ፕላግኢንም አታስነኪው። እሱ ፒያኖ ላይ ወዳለው 12 ድምፅ ነው የሚጎትተው። የበገናው ቅኝት እዚያ ላይ ልክ አይቀመጥም፤ ጎትቶ ያበላሸዋል።

በዚያው ሌሊት ሁለት ቦታ ገልብጪው። አንዱ ከቤት ውጪ፣ ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ።

የድምፅ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

የበገናውን ነገር ተቀብያለሁ። እኔ ቅድም ስጽፍ ያሰብኩት ስለ ድምፃዊ ነበር። ባና ካለ ኮንደንሰር ይሁን። አንድ ልጨምር፦ ማይኩን ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገቢ ግማሽ ሰዓት ከነቦርሳው አቆይው። ጤዛ ይይዛል።

የጠባሴዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመንዙ ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ሦስት ባና ከሳጥን አውጥታ አልጋው ላይ ከመረችው።

ቅዳሜ መሀል ሜዳ እሄዳለሁ። ስልኬ ላይ ዋቭ የሚቀዳ አግኝቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አጎቴ ከመጀመራቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ይቃኛሉ። እሱን ልቅዳው ወይስ ሲጨርሱ ልጀምር?

የመንዝ ልጅ

ቅጂው። አውታሩ ላይ እጃቸውን ካሳረፉበት ጊዜ ጀምረሽ። ሲጨርሱ ደግሞ አሥሩንም አውታር አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እንዲመቱልሽ ለምኛቸው። እያንዳንዱን ማን ብለው እንደሚጠሩት፣ የትኛውን በየትኛው ጣት እንደሚመቱም በአፋቸው ይንገሩሽ። ቅኝቱን ከማን እንደተማሩ ጠይቂያቸው። ስልኩን አታጥፊው፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይቅዳ።