ኢሕአፓና መኢሶን በምን ተጣሉ?

ጥያቄ፦ አጎቴ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) ነበር፤ የአክስቴ ባል ደግሞ መኢሶን (መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ)። ሁለቱም ማርክስን አንብበዋል። ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ዛሬም ግን ለቅሶ ቤት እንኳን አንድ ድንኳን ውስጥ አይቀመጡም። ፀባቸው ምን ነበር?

መልስ፦ ባጭሩ፣ ሥልጣን የያዘውን ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግን፣ ምን እናድርገው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ። ከወታደሩ ጋር እየሠራን ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ ነው ነገሩ። ኢሕአፓ ደግሞ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ፤ ወታደሩ ሥልጣን ይልቀቅ ማለቱ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበርኩ። የኢሕአፓን ጋዜጣ «ዴሞክራሲያ»ን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የማመላልሰው። አንድ ቀን አሰሳ መጣ ሲባል እናቴ ከፍራሼ ሥር ያገኘችውን ሁሉ ምጣድ ሥር ማገደችው። እንጀራውን ግን መጋገሯን አላቆመችም። እኔ ኢሕአፓ ነበርኩ፤ አልደብቅም። ግን መስከረም 1969 የደርጉ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ከተተኮሰ በኋላ የከተማው ግድያ ለማንም አልበጀም። መኢሶንም አልተረፈም። ነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ሲወጣ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተያዘ፤ በኋላም ተገደለ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። አጎቴ ሲናደድ «ባንዳ!» የሚለው ለካ ከዚያ የመጣ ነው?

መልስ፦ አዎ። እነሱ ደግሞ እኛን «አናርኪስት» ይሉን ነበር። የአክስትህን ባል ጠይቀው፣ አሁንም ሳይለው አይቀርም።