የተራራው ጉዞ፦ አራት ቀን ወይስ አምስት? (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። አራት ቀን፣ ሦስት አዳር። መነሻችን 2,600 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው አዳር 3,100፣ ሁለተኛው 3,900፣ ሦስተኛው ወረድ ብለን 3,000። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አያስፈራም። ቅሬታ ያለው አሁኑኑ ይናገር፤ ዳገት ላይ ክርክር አልችልም።

የጤና ተጠሪ፦ ኪሎ ሜትሩ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ሁለተኛው አዳር ነው። በአንድ ቀን 800 ሜትር ወጥተን ልንተኛ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ዋናው የሚታደርበት ነው። ስለዚህ 3,500 አካባቢ አንድ አዳር ይጨመር። ይሄም ይጻፍልኝ፦ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወደ ላይ አይቀጥልም፤ ካልተሻለው ይወርዳል። የሚንገዳገድ ወይም ነገር የሚምታታበት ካለማ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ አምስተኛ ቀን ማለት ተጨማሪ ወጪ፣ ተጨማሪ የሥራ ፈቃድ ነው። ሁላችንም ስፖርት እንሠራለን። ማልደን ብንነሳስ?

የጤና ተጠሪ፦ ወንድሜ፣ ማልዶ መነሳት ሰዓት ይጨምራል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም። የከፍታ ሕመም ደግሞ ስፖርተኛ አይመርጥም።

መንገድ መሪ፦ እሷ ልክ ናት። ሰዓቱም ቢሆን አይበቃችሁም። የቆየው ስሌት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለየ600 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። 15 ኪሎ ሜትር ከ900 ሜትር ዳገት ጋር አራት ሰዓት ተኩል ይመጣል። እሱም ዕረፍት ሳይቆጠር ነው። እኛ ደግሞ የምንሄደው ተሸክመን፣ በመጨረሻው ሰው እርምጃ ነው፤ ሰባት ሰዓት በሉት። ሸንተረሩን ከቀትር በፊት ካላለፍን ከሰዓት በኋላ መብረቅ እላያችን ላይ ነው።

ስለ ወጪው አንድ ነገር ልበል። ረቂቁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምድጃ ይላል። ለምን? ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል። ሸክምም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ መሐል ላይ ይግባ። የዝናብ ጃኬት ከሁሉ በላይ ይሁን፤ ዝናብ ውስጥ ቦርሳ መገልበጥ የማይወድ ይገባዋል።

አዲስ አባል፦ የውሃ ማጣሪያ አለኝ። ከፍታው ላይ ሌሊት ይቀዘቅዛል ሲባል ሰማሁ፤ ችግር አለው?

መንገድ መሪ፦ አለው። አንዴ ከተጠቀምሽበት ውስጡ ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ላይ ላዩን ምንም አይታይም፤ ውሃውም እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ግን አይጣራም። ማታ በላስቲክ ጠቅልለሽ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘሽው ተኚ።

ገንዘብ ያዥ፦ ምድጃው ከተቀነሰ ሒሳቡን ላየው እችላለሁ። እሺ፣ አምስት ቀን ይሁን።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ረቂቁን አስተካክያለሁ፦ አምስት ቀን፣ አራት አዳር፤ 3,100፣ 3,500፣ 3,900፣ 3,000። የጤና ተጠሪዋ ያለችው ቃል በቃል ገብቷል። አንድ ነገር ግን ክፍት ነው። የታመመ ሰው ብቻውን አይወርድም። አብሮት ማን ይወርዳል?

መንገድ መሪ፦ እኔ ቡድኑን ጥዬ መውረድ አልችልም። ሁለት ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

ገንዘብ ያዥ፦ አንዱ እኔ ልሁን።

የጤና ተጠሪ፦ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። መድኃኒቱ በኔ ቦርሳ ነው።

አስተባባሪ፦ ጽፌዋለሁ። እስከ ዓርብ ሌላ ሐሳብ ካልመጣ ለጉባኤው ይሄዳል።