የልጄ መንጋጋ እብጠት፦ በቀዶ ሕክምና ወይስ በመርፌ?

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። የታችኛው መንጋጋዋ በግራ በኩል ካበጠ አራት ወር ሆነው። አያመኝም ትላለች፤ ግን እንጀራውን በቀኝ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። የጥርስ ነገር መስሎን አንዱን አስነቀልንላት፤ እብጠቱ ባሰበት።

ሲቲ ስካን ተነሳች፣ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ «ጃይንት ሴል ግራኑሎማ» ይላል፤ አጥንት ውስጥ የሚያድግ እብጠት ነው። ካንሰር አይደለም ሲሉን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ሐኪሟ በቀዶ ሕክምና ተጠርጎ ይውጣ አለ፤ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም አልደበቀንም። ሌላ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ የካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ይሠራ አለን። ፓራታይሮይድ አንገት ውስጥ ያለ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠር ዕጢ ነው፤ የዚያ ዕጢ ችግር የሚያመጣው እብጠትም በማይክሮስኮፕ ልክ ይህንኑ ይመስላል አለን። እስካሁን አልተሠራላትም።

እብጠቱ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋ ልጅ ያላችሁ፣ የፊትና የመንጋጋ ሐኪሞችም፣ እባካችሁ ንገሩኝ። በመርፌው መጀመር ይሻላል? ቋሚ ጥርሶቿስ ይተርፋሉ? ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።