ለእሁዱ የቅሬ (የእድር) ስብሰባ፦ ኪቦርዱ ይጠገን ወይስ ይለወጥ? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለእሁድ የምናቀርበውን ሐሳብ ከወዲሁ አንድ እናድርገው። የጽሕፈት ክፍላችን ኪቦርድ አይቢኤም ሞዴል ኤም ነው፤ በፈረንጆች 1985 መሠራት የጀመረው፣ በየቁልፉ ሥር ሞላ ያለው ዓይነት። ሰሞኑን የታችኛው ረድፍ ካልተደበደበ አይጽፍም፤ «መ»ን ይውጣታል። በእኛ ቅሬ ደግሞ መሐመድም ማርያምም ያለ «መ» አይጻፉም። የሟች ስም ተሳስቶ ሲለጠፍ የቤተሰቡን ዓይን ማየት ይከብደኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ አዲስ ይገዛ እላለሁ። የጎማው ዓይነት፣ ከቁልፎቹ ሥር በሞላ ፋንታ ጎማ ያለው፣ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ይገኛል። የቅሬ ገንዘብ የተዋጣው ለለቅሶ ነው።

ጥገና የሚያውቀው አባል፦ አብሽሪ እትዬ፣ ብዙ አያስወጣም። ትናንት ከፈትኩት፤ አራቱን ብሎኖች ለመፍታት አንገተ ቀጭን ባለ 5.5 ሚሊ ሜትር የብሎን መፍቻ ተውሼ ነው፣ ካቻቪቴ አይገባም። ሞላዎቹ ደህና ናቸው። የረገፉት ላዩን ፕላስቲክ ከሥሩ ብረት ጋር የያዙት የፕላስቲክ ችንካሮች ናቸው፤ በዕድሜ ይደርቃሉ። ሲነቃነቅ የሚንኳኳው የእነሱ ስባሪ ነው። መያዣው ሲላላ ሞላው ቢታጠፍም ምቱን የሚቀበለውን ከሥር ያለ ስስ ንጣፍ በደንብ አይጫነውም። የረገፉበትን በቀጭን ትራፓኖ በስቼ በ2 ሚሊ ሜትር ብሎንና ዳዶ አስረዋለሁ። ለእጄ ምንም አልጠይቅም።

ጸሐፊ፦ ስለ ጎማው አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ስንጽፍ «ለ» ለማለት ኤልን (L) ነክተን ኢን (E) እንጨምራለን፤ ስለዚህ አናባቢዎቹ ያለ እረፍት ይመታሉ። ባለፈው የገዛነው ጎማ መጀመሪያ የሞቱበት እነሱ ነበሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ እውነት ነው። ግን አዲሱ ኮምፒውተር ይህ አሮጌው ኪቦርድ የሚሰካበት ክብ መሰኪያ የለውም እኮ።

ጥገና የሚያውቀው አባል፦ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አለ፤ ውስጡ ቺፕ ያለው ይሁን። ሽቦ ብቻ የሆነው ርካሹ ለዚህ ኪቦርድ አይሠራም። እዚህ ካጣን ከመርካቶ በአውቶቡስ እናስልካለን።

ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ኪቦርዱ በአባላችን እጅ ይጠገን፤ ቅሬው የብሎንና የመቀየሪያውን ዋጋ ብቻ ይሸፍን። ጥገናው እስኪያልቅ ለቅሶ ቢደርስ ሥራ እንዳይቆም አንድ ርካሽ ኪቦርድ ለመጠባበቂያ ይገዛ።»

ገንዘብ ያዥ፦ ከመግዛታችን በፊት ዋጋው ተጠይቆ ይቅረብልኝ እንጂ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ ጨምሬዋለሁ። ትራፓኖ ያለው ሰው እስከ ቅዳሜ ያውሰን።